ኖርማል ስርጭትን በአር ሶፍትዌርና በኤክሴል መለማመድ፦ ከሲሚንቶ ከረጢት እስከ ቡና ጆንያ

የዜድ ሰንጠረዥን (ዜድ አንድ ዋጋ ከአማካዩ በስንት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን እንደሚርቅ የሚያሳይ ቁጥር ነው) በጣቱ እየተከተለ መልስ ያወጣ የነበረ ተማሪ ሶፍትዌር ሲይዝ ብዙ ጊዜ ከበፊቱ የባሰ ይሳሳታል። ሰንጠረዡ ቢያንስ ዜድን አስልቶ፣ ሥዕል ስሎ እንዲመጣ ያስገድደው ነበር። ሶፍትዌሩ ግን የሰጡትን ሁሉ ይቀበላል፤ ግራውን ጭራ (የኩርባውን ጫፍ) ፈልጋችሁ ይሁን ቀኙን፣ ያስገባችሁት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ዋጋዎቹ ከአማካዩ የሚበታተኑበት መጠን) ይሁን ቫሪያንስ (የእሱ ስኩዌር)፣ ሳይጠይቅ ንጹሕ የመሰለ ቁጥር ይመልሳል። ስለዚህ ከዚህ በታች የኖርማል ስርጭትን፣ ማለትም አብዛኛው ዋጋ በአማካዩ ዙሪያ የሚከማችበትን የደወል ቅርጽ፣ ትዕዛዞች ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ የት ላይ እንደሚያሳስትም እናያለን። ምሳሌዎቹ ከድሬዳዋና ከሐረር አካባቢ የተወሰዱ ይሁኑ እንጂ የክብደቱ፣ የገንዘቡና የቆጠራው ቁጥር ሁሉ ለልምምድ የተፈጠረ ነው፤ የየትኛውም ፋብሪካ ወይም ነጋዴ ልኬት አይደለም።

ከመጀመር በፊት

አር በነጻ የሚገኝ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ነው። ኒውዚላንድ ውስጥ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን ጀመሩት፤ 1.0.0 የተባለው እትም የወጣው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው። አንዴ ከጫናችሁት በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ የስርጭት ትዕዛዞቹም አብረውት ስለሚመጡ ተጨማሪ ፓኬጅ ማውረድ አያስፈልግም። ጫኙን ፋይል በፍላሽ ከጓደኛ መቀበል ይበቃል። አርስቱዲዮን (አርን ለመጠቀም የሚያመች መጻፊያ ፕሮግራም) ከጨመራችሁበት ሥራው ይቀላል፤ ነገር ግን ትዕዛዞቹን ኮንሶሉ ላይ ሳይሆን ስክሪፕት ፋይል ላይ እየጻፋችሁ ቶሎ ቶሎ ሴቭ አድርጉ። መብራት ድንገት ሲሄድ መጀመሪያ የሚጠፋው ኮንሶሉ ላይ የነበረው ነው።

እዚህ የትዕዛዞቹን ስም በአነባበባቸው ጽፈነዋል። ኮምፒዩተሩ ላይ በላቲን ትንንሽ ፊደላት ይገባሉ፤ ለምሳሌ ፒኖርም ማለት ፒ፣ ኤን፣ ኦ፣ አር፣ ኤም ያለ ክፍተት ተከታትለው ነው። አንዲት ትልቅ ፊደል ከገባች ሶፍትዌሩ «እንዲህ ያለ ትዕዛዝ አላገኘሁም» ይላል።

ከዚህ የባሰ ጊዜ የሚያስፈጀው የአማርኛ ኪቦርድ ነው። ሪፖርቱን በአማርኛ እየጻፋችሁ ወደ አርስቱዲዮ ስትሻገሩ ኪቦርዱ ሳይቀየር ከቀረ በሁለት ቁጥሮች መካከል «፣» ይገባል። ለዓይን ነጠላ ሰረዝ ይመስላል፣ ለሶፍትዌሩ ግን የማይታወቅ ምልክት ነው። የግእዝ ቁጥሮችንም አያነብም። ከቴሌግራም ወይም ከወርድ ኮፒ የተደረገ ትዕዛዝም ተመሳሳይ ችግር አለው፤ ወርድ ቀጥ ያለውን ትምህርተ ጥቅስ ያጎብጠዋል፣ የመቀነስ ምልክቱን ደግሞ ወደ ረጅም ሰረዝ ይቀይረዋል። ትዕዛዙ ትክክል ሆኖ ሳለ ስህተት ከመጣ መጀመሪያ ሰረዙን፣ ጥቅሱንና የመቀነስ ምልክቱን አጥፍታችሁ በእጃችሁ እንደገና ጻፉ።

አራቱ ፊደላት

በአር ሶፍትዌር እያንዳንዱ ስርጭት የቤተሰብ ስም አለው፦ ኖርማል «ኖርም»፣ ባይኖሚያል «ባይኖም»፣ ፖይሰን «ፖይስ»፣ ኤክስፖኔንሻል «ኤክስፕ»። ከስሙ ፊት ከአራት ፊደላት አንዱ ይቀመጣል። ፒ ከአንድ ዋጋ በታች ያለውን ፕሮባቢሊቲ ይሰጣል። ኪው የፒ ግልባጭ ነው፤ ፕሮባቢሊቲውን ሰጥታችሁት ዋጋውን ይመልሳል። ዲ የኩርባውን ከፍታ፣ አር ደግሞ ከስርጭቱ የተቀዱ የዘፈቀደ ቁጥሮችን ይሰጣል። ከባዱ ነገር የትኛውን መቼ እንደምትጠሩ ማወቅ ነው። ጥያቄው «ስንት በመቶ»፣ «ምን ያህል ዕድል» ካለ ፒ ነው። «ከስንት ኪሎ በታች»፣ «መቁረጫው ነጥብ የት ነው» ካለ ኪው ነው።

ሲሚንቶው

ድሬዳዋ የሲሚንቶ ከተማም ናትና ከ50 ኪሎ ከረጢት እንነሳ። የሙሌት ማሽኑ አማካይ 50.2 ኪሎ፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 0.4 ኪሎ፣ ስርጭቱ ኖርማል ነው እንበል። ከ49.5 ኪሎ በታች የሚሆነው ከረጢት ስንት በመቶ ነው?

ኪቦርዱን ሳትነኩ ወረቀት ላይ የደወል ቅርጽ ሳሉ። መሃሉ ላይ 50.2 ጻፉ፤ ወደ ግራ አንድ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ስትሄዱ 49.8፣ ሁለት ስትሄዱ 49.4 ነው። ከ49.5 በስተግራ ያለውን አጥቁሩ። በኖርማል ስርጭት ከአማካዩ በሁለት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ክልል ውስጥ 95 በመቶ ገደማ ስለሚገኝ ከ49.4 በታች የሚቀረው 2.5 በመቶ ያህል ነው። 49.5 ትንሽ ወደ ውስጥ ስለገባ መልሱ ከ2.5 በመቶ ከፍ ማለት አለበት። ይህ ግምት ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል፣ ከታች ከምናያቸው ስህተቶች አብዛኞቹንም ይይዛል።

አሁን ፒኖርም(49.5, 50.2, 0.4) ብላችሁ ኢንተር ጫኑ። መልሱ 0.0401 ነው፤ ከ1000 ከረጢት 40 ያህሉ። ቅደም ተከተሉ ዋጋው፣ አማካዩ፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ነው። ሁለቱን የኋለኞቹን ከተዋችሁ ሶፍትዌሩ አማካይ 0፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 1 አድርጎ ይወስዳል፤ ያኔ የ49.5 መልስ 1 ይሆናል፣ ምንም ማስጠንቀቂያም አይመጣም።

በኤክሴል ትዕዛዙ ኖርም ነጥብ ዲስት ነው፤ አራተኛ ቦታ ላይ ትሩ ወይም 1 ይገባል። እዚያ ላይ ፎልስ ወይም 0 ካስገባችሁ የምታገኙት የኩርባውን ከፍታ እንጂ ፕሮባቢሊቲ አይደለም። ስህተቱ የማይታወቀው ከፍታውም ብዙ ጊዜ በ0 እና በ1 መካከል ስለሚወድቅ ነው። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን ወደ 0.1 ዝቅ አድርጋችሁ በአማካዩ ላይ ከፍታውን ብትጠይቁ 3.989 ይመጣል፤ ከ1 የበለጠ ፕሮባቢሊቲ የለምና ዲኖርምም ሆነ ፎልስ ያለበት ኤክሴል የሚሰጠው ምን እንደሆነ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ሙከራ አናውቅም። ዲኖርም የሚጠቅመው ሥዕሉን ለመሳል ነው፤ ከርቭ በሚባለው ትዕዛዝ ውስጥ አስገብታችሁ ከ48.5 እስከ 52 አስሉት።

በአንዳንድ ኮምፒዩተሮች ላይ ኤክሴል በቁጥሮቹ መካከል ነጠላ ሰረዝ ሳይሆን ነጥብና ሰረዝ ይጠይቃል። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ የዊንዶውሱ የአገር ምርጫ የሚያመጣው ነው።

ከ51 ኪሎ በላይ የሚሆነውስ? ፒ ሁልጊዜ የሚቆጥረው ከግራ ነው፤ ስለዚህ 1 ሲቀነስ ፒኖርም(51, 50.2, 0.4)፣ ማለትም 0.0228። በሁለት ዋጋዎች መካከል ሲሆን ትልቁን አስቀድማችሁ ትንሹን ቀንሱ፦ ከ49.5 እስከ 51 ያለው 0.9772 ሲቀነስ 0.0401፣ ማለትም 0.9372 ይሆናል (ሙሉ ዴሲማሉን ይዛችሁ ስትቀንሱ)። አሉታዊ ፕሮባቢሊቲ ከወጣ ቅደም ተከተሉን ገልብጣችኋል ማለት ነው። ጭራው በጣም ሩቅ ሲሆን ግን ከ1 መቀነስ ራሱ ይከዳል፤ ዜድ 10 ሲሆን 1 ሲቀነስ ፒኖርም(10) ልክ 0 ይሰጣል፣ ምክንያቱም ኮምፒዩተሩ የሚይዘው አሃዝ ያልቅበታል። እዚያ ላይ ሎወር ነጥብ ቴል የሚለውን ምርጫ ፎልስ አድርጋችሁ ቀኙን በቀጥታ ጠይቁ።

ቫሪያንስ የሚያስከትለው ጥፋት

የፈተና ጥያቄዎች ስርጭቱን ብዙ ጊዜ «ኖርማል፣ አማካይ 50.2፣ ቫሪያንስ 0.16» ብለው ያቀርቡታል። ሶፍትዌሮቹ የሚፈልጉት ግን ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን፣ የ0.16ን ስኩዌር ሩት ነው። 0.16ን እንዳለ ካስገባችሁ 0.0401 መሆን የነበረበት መልስ 6.07 እና ከኋላው «ኢ» ፊደል፣ መቀነስ፣ 06 ሆኖ ይመጣል። ይህ ማለት ከሚሊዮን 6 ከረጢት ነው። አንዳንዱ ደግሞ ጅራቱን ሳያይ 6.07 ብሎ ይገለብጠዋል፤ ስህተት በስህተት ላይ። ሥዕሉን የሳለ ሰው ግን ከ2.5 በመቶ በላይ እየጠበቀ ስለነበር ወዲያው ይነቃል።

ከዳታ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ስታወጡም ኤክሴል ሁለት ትዕዛዝ አለው፤ መጨረሻው ኤስ የሆነው በናሙናው ብዛት ሲቀነስ 1 ያካፍላል፣ ፒ የሆነው በብዛቱ በራሱ። በ5 ልኬት ላይ ልዩነቱ 12 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ናሙና ከሆነ ኤስ ያለውን ውሰዱ። የአር ሶፍትዌሩ ኤስዲ ራሱ በናሙናው መንገድ ነው የሚያሰላው።

ወደ ኋላ መጠየቅ

አሁን ኪውን እንጠቀም። የጥራት ክፍሉ «ከ49.5 በታች የሚሆነው ከ1 በመቶ አይብለጥ» አለ እንበል። ኪውኖርም(0.01) −2.326 ይሰጣል። ስለዚህ 49.5 ከአማካዩ 2.326 ጊዜ 0.4 ያህል ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ አማካዩ 50.43 መሆን ይኖርበታል። ማሽኑን ወደዚያ ከፍ ማድረግ በእያንዳንዱ ከረጢት 0.23 ኪሎ፣ በ1000 ከረጢት 230 ኪሎ ሲሚንቶ በነጻ መስጠት ነው። ሁለተኛው መንገድ አማካዩን 50.2 ላይ ትቶ መዋዠቁን መቀነስ ነው፦ 0.7 ሲካፈል ለ2.326፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 0.30 መሆን አለበት። የትኛው እንደሚረክስ መሐንዲሱ ይወስናል፤ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያላቀረበ ስሌት ግን ለፋብሪካ አይጠቅምም።

ኪውኖርም ውስጥ 1 ሲያስገቡ «ኢንፍ» (ወሰን የለሽ) የሚል መልስ ይመጣል፤ በመቶኛ 95 ብለው ካስገቡ ደግሞ «ቁጥር አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ይከተላል። የሚገባው 0.95 ነው። መሃሉን 95 በመቶ የሚይዙ ሁለት ጫፎች ስትፈልጉ ደግሞ 0.95 ሳይሆን 0.025 እና 0.975 ናቸው፤ 5 በመቶው ለሁለቱ ጭራዎች ስለሚካፈል። 1.645 አግኝቶ 1.96 የጠበቀ ሰው የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሰንጠረዥ የለመዳችሁ ከሆነ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ብዙ መጻሕፍት ጀርባ ላይ ያለው ሰንጠረዥ ከ0 እስከ ዜድ ያለውን ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ለ1.96 0.4750 ይላል። ሶፍትዌሩ 0.9750 ይላል። ልዩነቱ ልክ 0.5፣ የግራው ግማሽ ነው። በመልሳችሁና በመጽሐፉ መካከል 0.5 ልዩነት ካያችሁ ሌላ ስህተት አትፈልጉ።

አንድ ከረጢትና አሥራ ስድስት ከረጢት

በተደጋጋሚ የሚያደናግረው ይህ ነው። የአንድ ከረጢት ክብደት ከ50 በታች የመሆን ዕድል 0.3085 ነው። የ16 ከረጢቶች አማካይ ከ50 በታች የመሆን ዕድል ግን 0.0228 ብቻ ነው፤ የአማካዩ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 0.4 ለ4 ተካፍሎ 0.1 ስለሚሆን። ጥያቄው በድምር ቢመጣ፣ «16ቱ ተደምረው ከ800 ኪሎ በታች» ቢባል፣ መልሱ ያው 0.0228 መሆን አለበት። የድምሩ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 0.4 ጊዜ 4፣ ማለትም 1.6 ነው። 0.4ን በ16 አባዝቶ 6.4 ያስገባ ሰው 0.3085 ያገኛል፤ ማለትም ሳያውቀው የአንዱን ከረጢት መልስ ደገመ። ይህ የሚሠራው ከረጢቶቹ አንዱ ከሌላው ነጻ ሲሆኑ ነው። ማሽኑ ጠዋት ሙሉ አሳንሶ የሚሞላ ከሆነ 16ቱ አብረው ይጎድላሉ፣ ስኩዌር ሩቱም ዋጋ የለውም።

መልስን በሙከራ መፈተሽ

እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን መልስ ኮምፒዩተሩ ራሱ በቆጠራ ይፈትሽላችሁ። ሴት ነጥብ ሲድ ውስጥ ማንኛውንም ቁጥር ስጡ፤ ይህ ነገ ስትደግሙት ያው ቁጥር እንዲወጣ፣ ከጓደኛችሁም ጋር እንድትመሳከሩ ነው። ከዚያ አርኖርም(10000, 50.2, 0.4) ያወጣውን ኤክስ ብላችሁ አስቀምጡና ሚን(ኤክስ < 49.5) ብላችሁ ጠይቁ፤ ሚን እዚህ ኤም፣ ኢ፣ ኤ፣ ኤን ተብሎ የሚጻፈው፣ አማካይ የሚሰጠው ነው። ከ49.5 ያነሱት ከሁሉም ያላቸውን ድርሻ ይሰጣችኋል። በ10000 ሙከራ ውጤቱ ከ0.036 እስከ 0.044 መካከል ቢዋዥቅ ደንብ ነው። በ100 ብቻ ከሞከራችሁ ግን ከ0 እስከ 0.08 ሊሄድ ይችላልና ምንም አያረጋግጥም።

የሚቆጠሩ ነገሮች

ኖርማል የሚለካ ነገር ነው። ለሚቆጠር ነገር፣ ለበቀለ ዘርና ለመጣ ባጃጅ፣ እኩል የሚለው ምልክት ራሱ ዋጋ አለው። 20 የማሽላ ዘር ተዘራ፣ እያንዳንዱ የመብቀል ዕድሉ 0.85 ነው እንበል። ቢያንስ 18 የመብቀሉ ዕድል ስንት ነው? ከተወሰነ ሙከራ ስንቱ እንደተሳካ የሚቆጥረው ስርጭት ባይኖሚያል ነው። ብዙዎች 1 ሲቀነስ ፒባይኖም(18, 20, 0.85) ይጽፉና 0.1756 ያገኛሉ። ያ «ከ18 በላይ» ነው፤ 18ን ራሱን ጥለውታል። ትክክለኛው 1 ሲቀነስ ፒባይኖም(17, 20, 0.85)፣ 0.4049 ነው። በኖርማል ልተካው ብትሉ፣ 18ን በ17.5 ተክታችሁ አርማችሁ እንኳ 0.377 ይመጣል፤ ካላረማችሁ 0.266። የማይበቅሉት በአማካይ 3 ብቻ ስለሆኑ ስርጭቱ ወደ አንድ ጎን ያዘመመ ነው። የሚበቅሉትም የማይበቅሉትም ቢያንስ 5፣ ቢሻል 10 ካልደረሱ ኖርማልን አትጠቀሙ። ሶፍትዌር እያለ ከመጀመሪያውስ ለምን?

በፖይሰን፣ በአንድ የጊዜ ክልል ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተከሰተ በሚቆጥረው ስርጭት፣ የሚያሳስተው የጊዜ መለኪያ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ «ከፊራ» በሚባለው ገበያ አጠገብ በ10 ደቂቃ በአማካይ 3 ባዶ ባጃጅ ያልፋል ካልን፣ በ5 ደቂቃ ውስጥ አንድም ያለማለፉ ዕድል ዲፖይስ(0, 1.5)፣ 0.2231 ነው፤ 3ን እንዳለ ካስገባችሁ 0.0498። ሁለት ጊዜ 5 ደቂቃ ባዶ መሆን 0.2231ን በራሱ ማባዛት ስለሆነ ተመልሶ 0.0498 ይሰጣል፤ ራሳችሁን የምታርሙበት መንገድ ይህ ነው። ዲ እዚህ ላይ እውነተኛ ፕሮባቢሊቲ ይሰጣል፤ በኖርማል ግን አይሰጥም።

ዳታው በእርግጥ ኖርማል ነው?

በመጽሐፍ «ኖርማል ነው» ይባልላችኋል፤ በሥራ ላይ የሚነግራችሁ የለም። መጀመሪያ ሂስቶግራም፣ ቀጥሎ ኪውኪውኖርም (ልኬቶቹን ከኖርማል ከሚጠበቁት ጋር የሚያነጻጽር ሥዕል) እና ኪውኪውላይን (መስመሩን የሚያሰምረው)። ነጥቦቹ መስመሩን ከተከተሉ ጥሩ፤ ጫፉ ላይ ከታጠፉ ያዘመመ ሊሆን ይችላል። ደረጃ ደረጃ ከሠሩ ሚዛኑ በግማሽ ኪሎ እየጠጋጋ ነው ማለት ነው። ሻፒሮ ነጥብ ቴስት (ዳታው ኖርማል መሆኑን የሚፈትን ትዕዛዝ) ከ3 እስከ 5000 ልኬት ይቀበላል፤ ግን በትንሽ ናሙና ሁሉንም ያሳልፋል፣ በትልቅ ናሙና ደግሞ ማንንም በማይጎዳ ልዩነት ይጥላል። እኛ ከሱ ይልቅ ሥዕሉን እናምናለን።

የአንድ የአወዳይ ጫት ነጋዴ የቀን ሽያጭ አማካይ 400 ብር፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 350 ብር ቢሆን፣ ፒኖርም(0, 400, 350) 0.1265 ይላል። ማለትም ከ100 ቀን በ13ቱ ሽያጩ ከዜሮ በታች ነው! እንዲህ ያለ ነገር ስለሌለ ሞዴሉ አይሠራም። ዳታውን በሎግ ቀይራችሁ እንደገና ሥዕሉን እዩት።

የሁለት ከተማ ሙቀት አንድ ላይ ከተሰበሰበም ሁለት ጉብታ ይወጣል። ድሬዳዋ 1200 ሜትር፣ ሐረር 1900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ አማካያቸው አይገጥምም። የጋራው አማካይ የሁለቱንም ከተማ ቀን አይገልጽም። ለየብቻቸው አስሉ።

ሌላው የሁለት ጉብታ ምንጭ ሰዓት ነው። አንዱ መዝጋቢ 2:30 ሲጽፍ ሌላው ከስልኩ አይቶ 8:30 ይጽፋል፤ ያው ጠዋት ነው። በእኛ ሰዓት የተጻፈውን የቀን ልኬት 6 ደምራችሁ አንድ አድርጉት። ከጠዋቱ 12:30 ግን ከዚህ ይለያል፤ 6 ስትደምሩበት 18:30 ይሆንና ወደ ማታ ይሻገራል። እሱን 6:30 ብላችሁ በእጅ አርሙት።

ኤስፒኤስኤስ የተባለውን ሌላ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ለምትጠቀሙ፦ ትራንስፎርም፣ ኮምፒዩት ቫሪያብል፣ ከዚያ ሲዲኤፍ ነጥብ ኖርማል ነው። ግልባጩ አይዲኤፍ ነጥብ ኖርማል ይባላል። ዳታ ገጹ ባዶ ከሆነ ምንም መልስ አይወጣም፤ አንድ ረድፍ ላይ ማንኛውንም ቁጥር ጽፋችሁ ጀምሩ።

ለእጅ ማፍታቻ

የሐረር ቡና 60 ኪሎ ጆንያ፣ አማካይ 60.3፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 0.5፣ ኖርማል። ከ60 በታች የሚሆነው 0.2743 ነው። ከ59.5 እስከ 61 ያለው 0.8644። ከባዶቹ 5 በመቶ የሚጀምሩት 61.12 ኪሎ ላይ ነው። የ25 ጆንያ አማካይ ከ60.1 በታች የመሆን ዕድል 0.0228። የመጨረሻው ሁለት ስርጭት ያገናኛል፦ ከ10 ጆንያ ከ60 ኪሎ በታች የሚሆኑት ከ2 ያለመብለጣቸው ዕድል ስንት ነው? መጀመሪያ በፒኖርም ያገኛችሁትን 0.2743 ሳትጠጋጉ ወደ ፒባይኖም አስገቡ፤ «ከ2 አይበልጥ» ስለተባለ እዚህ ላይ ቁጥሩ 2 ራሱ ነው እንጂ 1 አይደለም። 0.454 ካገኛችሁ ትክክል ናችሁ።